ወለም ያለ እግር ይዞ ሦስተኛ ፎቅ

ቅሬታዬን ላስቀድም። እግር የሚያክም ክሊኒክ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ምን ይሠራል? ያውም ሊፍቱ በቆመ ሕንፃ። የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ስለሆንኩ መቁጠር ልማዴ ነው፤ ደረጃው 54 ነው። በግራ እጄ ብረቱን፣ በቀኝ እጄ የልጄን ትከሻ ይዤ፣ ገና መራመድ እንደጀመረ ሕፃን አንድ አንድ እያልኩ ወጣሁት። ታች በሩ ላይ የተቀመጠው ጥበቃ አይቶኝ አዘነ። «አይዞዎት እትዬ፣ ሊፍቱ ነገ ይሠራል» አለኝ።

ክሊኒኩ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ፣ ራስ መኮንን ድልድይ ሳይደረስ ነው። ስሙን አልጽፍም። ሳመሰግን ማስታወቂያ፣ ስወቅስ ስም ማጥፋት ይመስልብኛል። እኔ ደግሞ ሁለቱንም ላደርግ ነው የተነሣሁት። ስድስት ጊዜ ሄጃለሁ። ከኪሴ 4,000 ብር ወጥቷል። ትንሽ ብናገር አይፈረድብኝም።

ነገሩ የጀመረው ሰኔ 12 ቀን 2017 ነው። ቀኑን የማልረሳው የሚካኤል ዓመታዊ በዓል ስለነበር ነው። ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ስሜ ወደ ትምህርት ቤት እየተጣደፍኩ ነበር፤ የፈተና ሳምንት ነው። ካፊያ ይጥላል። አራት ኪሎ ስንደርስ «ወራጅ አለ» አልኩ። ታክሲው በደንብ ሳይቆም ረዳቱ በሩን ከፈተው። በአንድ እጄ ነጠላዬን፣ በሌላው የፈተና ወረቀት የያዘ ፌስታል ይዤ ወረድኩ። ግራ እግሬ ያረፈው የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ነው። ግማሹ ድንጋይ ላይ፣ ግማሹ አየር ላይ። ወደ ውስጥ ተጠማዘዘ። «ቀጭ» ሲል ሰማሁት። ፌስታሉን ግን አልጣልኩም። የ43 ልጅ ወረቀት ጭቃ ውስጥ ቢገባ ለወላጆቻቸው ምን እላለሁ?

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቁርጭምጭሚቴ በውጭ በኩል እንቁላል የሚያህል እብጠት አወጣ። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሁሉም ሐኪም ሆነ። አንዷ በረዶ አለች። አንዱ ቫዝሊን። ሌላዋ ሙቅ ውሃ በጨው። የስፖርት መምህሩ ብቻ «አትነካኩት፣ ከፍ አድርጋ ታስቀምጠው» አለ። ማን ይስማው። ብዙው ድምፅ ለወጌሻ ሆነና በማግስቱ ወጌሻ ጋ ተወሰድኩ።

ወጌሻን ልሰድብ አይደለም። እጃቸው የተባረከ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። እኔ የሄድኩባቸው አባት ግን ገና ፋሻዬን ሳልፈታ «ልጄ፣ ጅማትሽ ዞሯል፤ መመለስ አለበት» አሉኝ። ቅቤ ቀቡት። ከዚያ በሁለቱ አውራ ጣታቸው እብጠቱ ውስጥ ገቡበት። አሹት፣ አሹት፣ በመጨረሻ ተረከዜን ይዘው ሳብ አደረጉት። እንዴት እንደጮኽኩ አልነግራችሁም። ውጭ ተራ ይጠብቅ የነበረ አንድ ልጅ እናቱን ጎትቶ ይዟት ሄደ። 300 ብር ከፍዬ ወጣሁ። ሌሊቱን እግሬ እንደ ልብ ሲመታ አደረ። ጠዋት ሳየው እብጠቱ እስከ ጣቶቼ ወርዷል። ተረከዜ ዙሪያውን እንደ በሰለ ፕሪም ጠቁሯል።

ዞሮ የሚመለስ ጅማት እንደሌለ የተማርኩት ኋላ ነው። ወለምታ ማለት አጥንትን ከአጥንት ያያያዘው ጅማት ከልኩ በላይ ተለጥጧል፣ ወይም ከፊሉ ተበጥሷል ማለት ነው። አብረውት ጥቃቅን የደም ሥሮች ይቀደዳሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት እሱን ማሸት ደሙን ማባባስ ነው። የኔስ ወለምታ ብቻ ሆነ። ስብራት ሆኖ በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ቢታሰርስ? ደም አቋርጦ እግር እስከ ማስቆረጥ እንደሚያደርስ የአገራችን ሐኪሞች ስንቴ ተናገሩ።

በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ሄድኩ። ራጅ ሳልነሣ አልወጣም ብዬ ቆርጬ ነው የሄድኩት። ተረኛዋ ሐኪም ግን ከማሽኑ በፊት ጣቷን ላከች። በውጭ በኩል ያለውን የቁርጭምጭሚት አጥንት ከጀርባው፣ ከጫፉ ጀምራ ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ተጫነችው። ከዚያ የውስጡን። ከዚያ በትንሿ ጣት መስመር፣ እግሬ ጠርዝ መሐል ላይ ጎላ ያለችውን አጥንት። ከዚያ በውስጥ በኩል ከቅስቱ አናት ያለችውን። በመጨረሻ «አራት እርምጃ ተራመጂ» አለችኝ። እያነከስኩ ተራመድኩ።

ለካስ ይህ ደንብ አለው። የኦታዋ ደንብ ይባላል። የካናዳ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት ነው። በእነዚህ ቦታዎች አጥንቱ ሲነካ ካላመመ፣ አራት እርምጃም መራመድ ከተቻለ፣ ስብራት የመኖሩ ነገር በጣም ጠባብ ስለሆነ ራጅ አያስፈልግም። አንዱ ካመመ ግን ራጅ ይነሣል። እኔ ጫፉ ላይ ስትነካኝ ከአልጋው ዘለልኩ። ራጅ ተነሣሁ። ስብራት የለም።

ምስጋናዬ እዚህ ያበቃል። ኢቡፕሮፌን ጻፈችልኝ፣ ላስቲክ ፋሻ ግዢ አለችኝ፣ «ዕረፍት አድርጊ» አለችኝ። ስንት ቀን? ዕረፍት ሲባል አልጋ ላይ ነው ወይስ ክፍል ውስጥ መቆም ብቻ ነው የተከለከልኩት? ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀጣዩ ታካሚ ወንበሬ ላይ ተቀምጧል። ኮሪደሩ እስከ ደጅ ሞልቶ ነበርና እሷንም አልፈርድባትም። ብቻ እኔ ዕረፍትን እንደገባኝ ተረጎምኩት። ሦስት ሳምንት ተኛሁ።

እብጠቱ ጎደለ። እግሩ ግን የኔ እግር አልመስል አለኝ። ደልዳላ መሬት ላይ ድንገት ይከዳኛል። አንዴ የሽሮ ድስት ይዤ ገዛ ወጥ ቤቴ ውስጥ ወለም አለኝ። ሽሮው ግድግዳ ላይ ቀረ። ያን ቀን ማታ የስፖርት መምህሩ ደወለና «መጀመሪያም አልሰማሽኝም፣ አሁን ስሚኝ» ብሎ ወደዚህ ባለ 54 ደረጃ ክሊኒክ መራኝ።

ካርድ 200 ብር። አንድ ቀጠሮ 600 ብር። የተቀጠርኩት ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ የገባሁት 4 ሰዓት ከ20። ይህ ሁለተኛው ቅሬታዬ ነው። ከስድስቱ ቀን በሰዓቱ የገባሁት አንዴ ነው፣ እሱም ዝናቡ ሰው ስላስቀረ። መጠበቂያው ንጹሕ ነው፣ ወንበሩ ግን ዝቅ ያለ ሶፋ ነው። እግሩን የታመመ ሰው ከዝቅተኛ ሶፋ እንዴት ይነሣል? ማንም አስቦበት አያውቅም መሰለኝ።

ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። የተቀበለኝ ወጣት ነው። ዶክተር ስለው «ዶክተር አይደለሁም ቲቸር፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ» አለኝ። ቲቸር መሆኔን ማን ነገረህ ስለው ቀሚሴ ላይ ያለውን ጠመኔ አሳየኝ። ሐምሌ 9 ነው፤ ትምህርት ከተዘጋ ሰንብቷል። ጠመኔው አብሮኝ ክረምቱን ሊያሳልፍ ነበር።

«ሁለቱንም ጫማ ያውልቁ» አለኝ። የታመመው ግራው ነው ስለው «ለኔ ወሬ የሚነግረኝ ጤነኛው ነው» አለ። ወለሉ ላይ፣ ከግድግዳው ሥር ጀምሮ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ተዘርግቶ ተለጥፏል። ተረከዜን ሳላነሣ ጉልበቴን ወደፊት አጥፌ ግድግዳውን እንድነካ አደረገኝ። በቀኙ አውራ ጣቴን 11 ሴንቲ ሜትር አርቄ ጉልበቴ ነካ። በግራው በ4 ሴንቲ ሜትር ተገተርኩ። ቀጥሎ በአንድ እግር አቆመኝና ስልኩ ላይ ሰዓት ያዘ። በቀኝ 30 ሰከንድ ሞላሁና «ይበቃል» አለኝ። በግራ 6። «አሁን ዐይንዎን ይጨፍኑ» ሲለኝ ሁለት ሰከንድ ሳልቆይ ደረቱ ላይ ወደቅሁ። ልጄ በሳቅ ሞተች።

እሱ አልሳቀም። ወረቀት አወጣና እግር ሣለ። በአንድ እግር ውስጥ 26 አጥንት እንዳለ ያን ቀን ነው የሰማሁት። በውጭ በኩል ቁርጭምጭሚትን ደግፈው የያዙት ጅማቶች ሦስት ናቸው። እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጎዳው የፊተኛው ነው። የኔም እሱ ነው። «ጅማት ገመድ ብቻ አይደለም ቲቸር፣ ወሬ ነጋሪም ነው» አለኝ። እግር እንዴት እንዳረፈ ለአንጎል የሚናገር ነርቭ አለበት። ሲጎዳ ወሬው ይዘገያል። አንጎል ሰምቶ ጡንቻውን «ያዝ!» እስኪል እግር ታጥፎ አብቅቷል። ሽሮዬን ግድግዳ ላይ የደፋው ይኸው ነው። አንዴ ወለም ያለ እግር ደግሞ ወለም የሚለውም በዚህ ነው። ሦስት ሳምንት መተኛቴ ወሬ ነጋሪውን ጨርሶ አስተኛው።

እኔ ደግሞ የምጠብቀው እሱ አሽቶ እንዲያድነኝ ነበር። 600 ብር ከፍዬ ለምን እኔ እሠራለሁ? በልቤ እንዲህ እያልኩ የመጀመሪያውን የቤት ሥራዬን ሰጠኝ።

ፊደል ጻፊ አለኝ። በእግሬ። ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ግራ እግሬን ዘርግቼ፣ አውራ ጣቴን እንደ ጠመኔ ይዤ፣ አየር ላይ ከሀ እስከ ፐ። ጉልበት አይንቀሳቀስም፣ ቁርጭምጭሚት ብቻ። ሀያ ዓመት ሙሉ የልጅ እጅ ይዤ ሀ ሁ አስጽፌያለሁ። አሁን የገዛ እግሬን ይዤ ማስጻፍ ጀመርኩ። እውነቴን ነው፣ የአንደኛ ክፍል ልጆችን የተረዳኋቸው ያኔ ነው። «ለ» ደህና ናት፣ ሁለት መስመር ናት። «ሐ» ሦስት እግሯን ስታወርድ ታስለቅሳለች። «ጨ» ላይ ሁለት ቀን ቆምኩ። «ጠ» ተጣመመችብኝ። ልጄ አልጋ ላይ ተጋድማ «እማዬ፣ ይቺ ምንድን ናት?» ትለኛለች፤ «ዐይንሽን ክፈቺ፣ ሠ ናት» እላታለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ካዕቡንም ሣልሱንም ጨመርኩ። ሙሉውን ገበታ የጨረስኩ ቀን ባቴ እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበር፤ እብጠቱ ግን ከዚያ ወዲህ ተመልሶ አልመጣም።

ቀጥሎ የላስቲክ ነገር መጣ። እግርን በላስቲክ ይዞ ወደ ውጭ መግፋት፣ ቀስ ብሎ መመለስ። እንግዳ ተቀባይዋ ልዩ ላስቲክ በ450 ብር ትሸጣለች። ዋጋውን ስሰማ ፊቴ ተለወጠ መሰለኝ፣ ፊዚዮቴራፒስቱ ልጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «ጎሚስታ ጋ ሄደው አሮጌ ካላማዳሪያ ይጠይቁ» አለኝ። ግንፍሌ ያለው ጎሚስታ የብስክሌቱን በ50 ብር ቆርጦ ሰጠኝ። ለምን እንደፈለግኩት ስነግረው ሳቀና ጫፉን በመቀስ አስተካከለልኝ። ጎማ ጎማ ይሸታል እንጂ ሥራውን ይሠራል። ይህ ልጅ ለአሠሪው ባይመችም ለኔ ተመችቶኛል።

ሦስተኛው በአንድ እግር መቆም ነው። የቡና ሰዓቴን ለዚህ ሰጠሁት። ጀበናው እስኪፈላ በግራ እግሬ እቆማለሁ። መጀመሪያ መደርደሪያውን ይዤ፣ ቀጥሎ በአንድ ጣት፣ ቀጥሎ ሳልይዝ። ከዚያ ጋቢ አራት ቦታ አጥፌ እሱ ላይ። ቁርጭምጭሚት ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ጡንቻዎች ሲንቀጠቀጡ ይታያል። ያ መንቀጥቀጥ ወሬ ነጋሪው እየነቃ ነው ብሎኛል። ሕመምስ? ከ10 እስከ 3 ቢደርስ ቀጥይ፣ በማግስቱ ካልባሰ ምንም አይደለም አለኝ። ባለማወቅ ስፈራው የኖርኩት ያንን ትንሽ ሕመም ነው። በመጨረሻ ደረጃ ላይ ቆሞ ተረከዝን ማንሣትና ቀስ ብሎ ማውረድ መጣ። 54 ደረጃ ያለው ሕንፃ ለዚህስ ጠቀመኝ።

አሁን ስለ ማሽኑ። በሁለተኛው ቀን ሒሳቤ ላይ 200 ብር ተጨምሯል። አልትራሳውንድ ይላል። ጄል ቀብተው አንዲት ክብ ነገር ቁርጭምጭሚቴ ላይ አምስት ደቂቃ ያዞሩት ነገር ነው፤ ፈልጌ አልጠየቅኩም። በሦስተኛው ቀን ልጁን ዐይን ዐይኑን እያየሁ «ይህ ነገር ለወለምታ ይጠቅማል?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። «ጥናቶች ብዙም ለውጥ አላገኙበትም» አለኝ። እንግዲያው ይቅርብኝ አልኩ። ያለ ክርክር ሰረዘልኝ። እውነቱን መናገሩን አደንቃለሁ። ግን ሳይጠየቅ ሒሳብ ውስጥ መግባቱ ልክ አይደለም። ስትሄዱ ካሸሯ ጋ «ምን ምን ተጨምሯል?» ብላችሁ ጠይቁ።

በረዶውንም ጠየቅሁት። መምህራን ማረፊያ ውስጥ የተጣላንበት ጉዳይ ነው። ዕረፍት፣ በረዶ፣ ማሰር፣ ከፍ ማድረግ የሚለውን ቀመር ያወጣው ጋቤ ሚርኪን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978። ከብዙ ዓመት በኋላ ራሱ ሰውየው በረዶና ፍጹም ዕረፍት ማገገምን ሊያዘገዩ ይችላሉ ብሎ ሐሳቡን ለወጠ። ስለዚህ በረዶ ለማስታገሻ ያህል፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ለአጭር ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ይሁን፤ ያድናል ብለሽ ግን አትጠብቂ፣ ነው ነገሩ። እኔ ያቺን በረዶ ያለችኝን ባልደረባዬን ግማሽ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

መጠበቂያው ሶፋ ላይ አንድ ሰዓት መቀመጥ አንድ ጥቅም አለው። የሰው ሁሉ እግር ታሪክ ይሰማል። አንዲት እናት ነበሩ፣ እንጀራ ጋግረው ለሆቴል የሚያስረክቡ። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግር ይቆማሉ። ጠዋት ከአልጋ ወርደው የመጀመሪያዋን እርምጃ ሲረግጡ ተረከዛቸውን ሚስማር የወጋቸው ያህል ነው። ትንሽ ከተራመዱ ይለቃቸዋል፤ ተቀምጠው ሲነሡ ደግሞ ይመጣል። ራጅ ተነሥተው «ትርፍ አጥንት በቅሏል» ተብለው ቢላ ይጠብቀኛል ብለው ሲያለቅሱ ነው ያገኘኋቸው። ከክፍሉ ሲወጡ ግን ፊታቸው በርቷል። ያቺ ትርፍ አጥንት ምንም በማያማቸው ብዙ ሰዎች ተረከዝ ላይም ትገኛለች ብሏቸዋል። ሕመሙ ከተረከዝ ተነሥቶ እስከ ጣቶች የእግርን ቅስት ደግፎ ከያዘው ጠንካራ ልባስ ነው፤ አብዛኛውም ያለ ቢላ ይድናል፣ ወራት ቢወስድም።

የሰጣቸው ሥራ ቀላል ነው፣ እዚያው ሶፋው ጋ ቆመው አሳዩን። ፎጣ ይጠቀለልና ደረጃ ጠርዝ ላይ ከእግር ጣቶች ሥር ይደረጋል። ከዚያ ቀስ ብሎ ተረከዝን ማንሣት፣ ላይ ትንሽ መቆየት፣ ቀስ ብሎ ማውረድ። 12 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በየሁለት ቀኑ። ማታ ማታ ውሃ ሞልቶ በረዶ የሆነ ሃይላንድ ከእግር ሥር ማንከባለል። ቤት ውስጥ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግር አለመሄድ። «ምጣዱ ሥር ወፈር ያለ ምንጣፍ ያንጥፉ» አላቸው። «ምንጣፌ በእሳት ቢያያዝስ?» አሉት። እዚህ ላይ መልስ አጣ።

አንድ ሌላ ሰውዬ ደግሞ አውራ ጣታቸው ቀልቶ፣ አብጦ፣ አንሶላ ሲነካው እንኳ የማይቻል ሆኖ መጡ። ሌሊት ድንገት ነው የጀመራቸው፣ ከአንድ ትልቅ የጥሬ ሥጋና የቢራ ግብዣ ማግስት። ልጁ አልነካቸውም። ገንዘባቸውንም አልተቀበለም። «ይህ ሪህ ሊሆን ይችላል፣ ሐኪም ያይዎት፣ ደምዎ ይመርመር» ብሎ ሸኛቸው። ባለሙያ ማለት ለኔ ይሄ ነው፤ ያንን ስል ግን ያን ሁሉ ደረጃ በዚያ ጣት ወጥተው መውረዳቸውን እያሰብኩ ነው።

ስኳር ያለባችሁ ደግሞ፣ እኔ ባይኖርብኝም ካርዴ ላይ ቀድሞ የተጻፈው ጥያቄ እሱ ነው። ስኳር የእግርን ስሜት ቀስ በቀስ ይወስዳል። ቁስል ሳይሰማ ይከፋል። እግራችሁን በየቀኑ፣ የውስጡንም በመስታወት፣ እዩ ይላል ልጁ።

ጫማዬን አይቶ ያለኝን ሳልናገር አላልፍም። ከሰልባጅ የገዛሁት ነው፣ ቆንጆ ጥቁር። ገልብጦ አሳየኝ። በውጭ በኩል ተረከዙ ተበልቷል። ግን የበላሁት እኔ አይደለሁም፤ ስገዛውም እንዲያው ነበር። «የሰው እግር የለመደ ጫማ ነው» አለኝ። የማላውቃት የሌላ አገር ሴት አረማመድ ውስጥ ገብቼ ነው ሁለት ዓመት የኖርኩት። ከዚያ የራሱን ስኒከር አንሥቶ አጠፈው። ጫማ መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ነው፣ መሐሉ ላይ እንደ ፎጣ ከተጠቀለለ አይደግፍም። የተረከዙ ጀርባ በጣት ሲጫኑት እንዳይሟሽሽ። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይቅር። ደግሞ ከሰዓት በኋላ ይገዛ፣ እግር ቀን ሲውል ያብጣልና። ለልጄ የመስከረም ጫማ ስገዛም ይህንኑ አደረግኩ። ሻጩ ጫማውን እየጠመዘዝኩ ሳየው «እናቴ፣ ልትገዢው ነው ልታርጂው?» አለኝ።

ውጤቱን ትጠብቃላችሁ። በፍልሰታ ቅዳሴ በባዶ እግሬ ቆምኩ፣ እስከ እርገት። አንድ ጊዜ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በቀሚሴ ሥር ቀኝ እግሬን ትንሽ አንሥቼ በግራው ብቻ ቆሜያለሁ፤ አጠገቤ ያሉት እናት እያመመኝ መስሏቸው ነጠላዬን ያዙኝ። ጳጉሜን 3 የመጨረሻ ቀጠሮዬ ነበር። ጉልበቴ ግድግዳውን በ10 ሴንቲ ሜትር ነካ። ዐይኔን ጨፍኜ 19 ሰከንድ ቆምኩ። ቅዝቃዜ ሲሆን ዛሬም ትንሽ ይጠዘጥዘኛል። ካላማዳሪያው በር እጀታ ላይ ተንጠልጥሏል፣ በሳምንት ሦስቴ እስበዋለሁ።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣለሁ። አራቱም የልጁ ናቸው። አንዱን የወሰዱት ሶፋው፣ ማሽኑና ቀጠሮው ተካፍለው ነው። ዋጋው ለአስተማሪ ደመወዝ ቀላል አይደለም፤ ግን በስድስት ቀጠሮ ጨረሰ። ሌላ ቦታ ሃያ ቀን ተመላልሰው የሚታሹ አውቃለሁ። ማለዳ ሂዱ፣ መጀመሪያው ቀጠሮ ካገኛችሁ አይዘገይም። ጠባብ ሱሪ አትልበሱ፣ እስከ ጉልበት መጠቅለል አለበት። የምትለብሱትን ጫማ ይዛችሁ ሂዱ።

ስወርድ ደረጃውን ብረት ሳልይዝ ወረድኩት። ጥበቃው ሲያየኝ ብድግ አለ፣ እጄን ጨበጠኝ። ሊፍቱስ አልኩት።

«ነገ ይሠራል እትዬ» አለኝ።